ግማሽ ቀን የሆነው ሙሉቀን

ሙሉቀን መለሰ ያረፈ ሰሞን የት ነበራችሁ? በ2016 ዓ.ም.፣ ከትንሣኤ በዓል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ጭማቂ ቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ የእሱን ዘፈን ከፍቶ ነበር። «ሄደች አሉ» ከአንዱ በር ሲያልቅ ከሌላው በር ይጀምራል፤ ሰዉም «ሄደ አሉ» እየተባባለ ቡናውን ይጠጣል። ሐዘኑ የምር ነበር። ሰውየው የጎጃም ተወላጅ ነውና አገሩ እንደ ልጁ አለቀሰለት።

በዚያው ሳምንት የወጣቶች ኅብረታችንን የቴሌግራም ገጽ ስከፍት ደግሞ ሌላ ሙሉቀን አገኘሁ። ይኼኛው ዝናን የናቀ፣ መድረክ ጥሎ ጌታን የተከተለ፣ ምስክርነቱ ለትውልድ የሚተርፍ ወንድም ነው። እዚህ ያለው ፎቶግራፍ የሸመገለ ሰው ፎቶግራፍ ነው፤ ከተማው የለጠፈው ግን የጎረምሳውን ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ስሙ ላይ ቆምኩ። ሙሉ ቀን። ከተማው ጠዋቱን ወስዶ አለቀሰ፤ እኛ ከሰዓቱን ወስደን አመሰገንን። ቀኑን እንዳለ የያዘ ሰው አላየሁም።

ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት እሱ ዘፈን ከተወ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ጥቂት ልንገራችሁ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ ጎጃም ተወለደ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ጢም ሳያቀምቅም በምሽት ክበቦች መዝፈን ጀመረ። ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ ለካይፋ ሪከርድስ የቀረጸው ሸክላ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ሙዚቃችንን ሰብስቦ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም ተከታታይ አልበሞች ማውጣት ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ከተመረጡት ድምፆች አንዱ የሙሉቀን ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በደርግ ዘመን ወንጌል አማኝ ሆኖ ዘፈንን የተወው። ኑሮውን አሜሪካ አደረገ፤ ድምፁንም ለዝማሬ ሰጠ።

በዚያ ዘመን «ጴንጤ» መባል ምን ማለት እንደነበር በቤተ ክርስቲያናችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። አዳራሾች ይታሸጉ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታሰረ። ከአገሪቱ ተወዳጅ ድምፆች አንዱ ራሱን ከዚህ ከተናቀ ወገን ጋር የቆጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ለጥቅም ነው የሚል ካለ፣ ጥቅሙ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየኝ።

እሱ ከመድረኩ ቢርቅም ዘፈኖቹ አልራቁም። የሆቴል ባንዶች ተጫወቷቸው። የሠርግ ቤት አሸበሸበባቸው። በየቴሌቪዥኑ የድምፅ ውድድር ወጣቶች ቀርበው የጥላሁንን፣ የሙሉቀንን፣ የብዙነሽን እየዘፈኑ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ በአገራችን ዘፋኝነት የሚጀመረው ሁልጊዜም የታላላቆችን ሥራ በመጫወት ነው። ሰው ሲሞት ደግሞ ይህ ልማድ ሌላ ስም ያገኛል፤ መታሰቢያ፣ ዝክር፣ ክብር ይባላል። ያው ዘፈን ነው፣ ያው አዘፋፈን ነው፤ አሁን ግን የሚዘፍነው ሰው ስለ ሟቹ አንድ ነገር እየተናገረ ነው። «አንተ ለእኔ ይህ ነህ» እያለ ነው። የሙሉቀን ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በእነዚያ ዘፈኖች ሲዘከር፣ የሚዘከረው ራሱ አውቆ ባስቀመጣቸው ነገሮች ነው።

አክስቴ የኦርቶዶክስ ምእመን ናት፤ ጾሟን የማትገድፍ፣ ኪዳነ ምሕረትን የማታስታጉል። የሙሉቀን ሞት የተሰማ ዕለት ማታ ቤቷ ሄጄ ነበር። ጀበናውን ከእሳት እያወረደች፣ ፊቷንም ሳታዞር «ያን ድምፅ እናንተ ናችሁ የቀማችሁን» አለችኝ። እየቀለደች መሰለኝ፤ ቀና ስል ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለእሷ ሙሉቀን ማለት የወጣትነት ዘመኗ ነው፤ የተዳረችበት፣ የሞቱባት ወንድሞቿ በሕይወት የነበሩበት። ያ ድምፅ በድንገት ዝም አለ፤ ለምን ዝም አለ ብላ ስትጠይቅ «ጴንጤ ሆነ» አሏት። ከዚያ ወዲህ የእህቷ ልጅም ጴንጤ ሆነ። እኔን ስታይ ምን እንደምታይ አስቡት።

መልስ ነበረኝ። የምሰጣት ጥቅስም ነበረኝ። ግን እንባ ላይ ጥቅስ አይወረወርም፤ ቡናዬን ጠጣሁ።

ከሳምንት በኋላ የኅብረታችን ወጣቶች የመታሰቢያ ምሽት እናዘጋጅ ብለው ተነሡ፤ ወዲያው ክርክር መጣ። አንደኛው ወገን ቢያንስ አንድ ዘፈኑ በመሣሪያ ብቻ ይሰማ አለ። ሌላው ወገን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፈጽሞ አይሆንም አለ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ያሉት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ ሥጋ በቃኝ ብሎ የመነነን ሰው ተዝካር በጥሬ ሥጋ ታወጣላችሁን? ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ሲያልቅ ግን ነገሩ እውነት መሆኑ ገባን። ከበሮ የምትመታ አንዲት እህታችን ቀበል አድርጋ «የተወውን ነገር ሳትነግሩን መተዉን ብቻ ብትነግሩን፣ ምን ያህል እንደተወ በምን እናውቃለን?» አለች። ይህም እውነት ነው። ርካሽ ነገር የጣለ ሰው አይመሰገንም። ሙሉቀን የተወው መጥፎ ሙዚቃ አልነበረም። ያን እየደበቅን መሥዋዕቱን ብናወድስ መሥዋዕቱን ራሱን ማቅለላችን ነው።

እኔ በበኩሌ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረብኩ። ካመነ በኋላ ከዘመራቸው መዝሙሮች አንዱን በቃሉ የሚያውቅ አለ? አዳራሹ ጸጥ አለ። ከ20 በላይ ነበርን። «ሄደች አሉ»ን ግን ሁሉም፣ እኔም ጭምር፣ ከመግቢያው የሙዚቃ ሐረግ ጀምሮ እናውቀዋለን። ስለዚህ እኛ የያዝነው ግማሽ ቀን ራሱ ባዶ ነበር። ምስክርነቱን እንደ ዋንጫ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል፤ ሰውየው ከ30 ዓመት በላይ ለጌታ ምን እንዳለ ግን አልሰማንም።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ነው ስለ ሁለት አሜሪካውያን ዘማሪዎች ያነበብኩት ትዝ ያለኝ። ኪት ግሪን እ.ኤ.አ. በ1982 በአውሮፕላን አደጋ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሞተ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌሎች ዘማሪዎች ተሰብስበው መዝሙሮቹን በአንድ የመታሰቢያ አልበም አወጡ። ስለ እሱ ይህን ብዬ ልለፈው፤ ይበልጥ የነካኝ ሪች መለንስ ነው። መለንስ መዝሙሩን ራሱ የሚደርስ፣ በጊታርና በፒያኖ፣ አንዳንዴም በትንንሽ መዶሻ በሚመታ ባለብዙ አውታር የገጠር መሣሪያ የሚዘምር ሰው ነበር። አልበሞቹ በጣም ይሸጡ ነበር፤ ገንዘቡን ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዘው ለእሱ የአንድ ተራ ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ እንዲሰጡት አድርጎ ነበር። በመጨረሻ ዓመታቱ በናቫሆ ሕዝብ ምድር ኖሮ ሕፃናትን ሙዚቃ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1997 በመኪና አደጋ ሞተ።

ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ስለ ኢየሱስ ሕይወት የደረሳቸውን አዳዲስ መዝሙሮች ሰው በተወው አሮጌ የጸሎት ቤት ውስጥ ተቀምጦ በተራ ካሴት ቀርጿቸው ነበር። በኋላ ስቱዲዮ ሊሠራቸው ነበር። አልደረሰም። ጓደኞቹ ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በ1998 ሁለት ዲስክ ያለው አልበም አወጡ። በአንዱ ላይ ባንዱና ሌሎች ታዋቂ ዘማሪዎች መዝሙሮቹን በጥሩ ስቱዲዮ አሳምረው ዘመሩ። በሌላው ላይ ግን ያንን ካሴት፣ እንደተቀረጸ፣ ከነሹክሹክታው አስቀመጡት። ሁለቱን አዳምጫለሁ። የስቱዲዮው ሥራ የሚያስመሰግን ነው። እኔ ደግሜ ደጋግሜ የምከፍተው ግን ካሴቱን ነው። ጓደኞቹ ያደረጉትን ልብ በሉ፤ «እኛ እንዲህ ሰማነው፣ እሱ ግን እንዲህ ነበር ያለው» ብለው ሁለቱንም አኖሩልን። የእነሱ ክብር የእሱን ድምፅ አልሸፈነውም።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ቤተ መቅደሱን ካነጻ በኋላ ሌዋውያኑ እግዚአብሔርን በዳዊትና በአሳፍ ቃል እንዲያመሰግኑ አዝዟል፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 29 ላይ ታገኙታላችሁ። ዳዊት ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የሟች ዘማሪ ሥራ በሕያዋን አፍ እንደገና ሲዘመር ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ትፈልጋላችሁ? መዝሙረ ዳዊትንም ክፈቱት። ከብዙዎቹ መዝሙሮች ራስጌ ላይ ስም አለ፦ የዳዊት፣ የአሳፍ፣ የቆሬ ልጆች። ያን ስም ማንም ትርፍ ነው ብሎ አልፋቀውም። እኛ ግን እሑድ እሑድ የምንዘምራቸውን መዝሙሮች ደራሲዎች ስንቶቹን እናውቃለን? በየዩቲዩቡ «አዲስ ዝማሬ» ተብሎ የሚወጣው ስንቱ ነው የአንድ አረጋዊ አባት ሥራ?

ዳዊት ራሱ ደግሞ ለሳኦልና ለዮናታን የልቅሶ ቅኔ ደርሶ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አድርጓል። ዮናታን ወዳጁ ነው፤ ሳኦል ግን በጦር ሊወጋው የፈለገ፣ በየዋሻው ያሳደደው ሰው ነው። ዳዊት ሳኦልን ከልቅሶው አላወጣውም። የጀግንነቱን ስም ጠርቶ፣ ለሴቶቹ ያለበሰውን ሐምራዊ ልብስ ሳይቀር አንሥቶ አለቀሰለት። ይህን ሳነብ ለአክስቴ ምን ማለት እንደነበረብኝ ሳይሆን ምን መስማት እንደነበረብኝ ነው የሚታየኝ። እሷ ያለቀሰችው በእውነት ለነበረ ውበት ነው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ስለምንኖር ሌላም መምህር አለን። ዲማ፣ ጎንጂ፣ ዋሸራ የቅኔ አገር ናቸው። ከዚህ ከተማ ብዙ ሳትርቁ ቆሎ ተማሪ ታገኛላችሁ። የቅኔ ተማሪ የሊቃውንቱን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም በቃሉ ይይዛል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ አገባቡን ይፈታል። በማግሥቱ ግን ያንኑ መልሶ ቢያቀርብ የኔታ አይቀበሉትም። በዚያው መንገድ ሄዶ የራሱን ማምጣት አለበት። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ መሳቂያ አይተርፍም። (አማርኛችን ምፀተኛ ነው፤ «ቅኔ ዘረፈ» ስንል ከራሱ አፈለቀ ማለታችን ነው። በእኛ በመዘምራኑ ሰፈር ግን ዘረፋ ዘረፋ ነው።) እንግዲህ በዚህ አገር ለሟች መምህር የሚሰጠው ክብር ሁለት እጅ አለው፦ በአንዱ እጅ የእሱን ሥራ በስሙ ሳይሸራርፉ መያዝ፣ በሌላው እጅ ከእሱ የተማሩትን ይዞ አዲስ መሥራት። አንዱ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

የሌላውን ሰው ሥራ በራስ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም። የዚህ ዙሪያ ተወላጅ የሆኑት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተሰማው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች መጽሐፉን ሲያነሡ የወጋየሁን አተራረክ አብረው ያነሣሉ። ማንም ግን መጽሐፉ የወጋየሁ ነው አላለም። ወጋየሁም አላለም።

አሁን ይህን ሁሉ የማወራበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በኅብረታችን አንድ አባት ነበሩ፤ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በእግራቸው እየመጡ ያመልኩ ነበር። ከማመናቸው በፊት በሠርግ ማሲንቆ ይመቱ ነበር፤ ካመኑም በኋላ ማሲንቆውን አልጣሉትም፣ ቃሉን ለወጡት እንጂ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ወደ 11 የሚሆኑ መዝሙሮቻቸው ግማሹ በካሴት፣ ግማሹ በስልክ ተቀርጸው ቀርተዋል። ወጣቶቹ በመታሰቢያ አልበም ሊያወጧቸው ተነሥተዋል፤ እኔም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነኝ። የሙሉቀን ክርክር እንግዲህ ቤታችን ድረስ መጣ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠብ በቃላት ላይ ነበር። ጋሼ ገበሬ ናቸው፤ መዝሙራቸው ውስጥ ሞፈር አለ፣ ድግር አለ፣ እርፍ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ድግር ምን እንደሆነ ስለማያውቅ በሌላ ቃል ይተካ የሚል ሐሳብ መጣ። ድግር ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠይቅ አልኩ፤ ጥያቄው ራሱ ጥሩ ነው። ቃሉ ቀረ። ሁለተኛው በቅኝቱ ላይ ነበር። ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን በዘመነኛ አቀራረብ ሊያሳምረው ፈለገ። ይሥራው ተባለ፤ ደግሞም ጥሩ አድርጎ ሠራው፤ እንዲያውም አንዱን መዝሙር ስሰማ ጋሼ ቢሰሙት ይስቁ ነበር ብያለሁ፣ በደስታ። ግን እንደ መለንስ ጓደኞች የጋሼ የራሳቸው ቅጂ ከጎኑ ይወጣል። በዚህ አልተከራከርንም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ነገር ወረቀት ነው፤ እናንተም እንዲህ ያለ ሥራ ብታስቡ አትዝለሉት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የማድረግ መብትም አለው። «ለጌታ የተዘመረ ስለሆነ የሁሉም ነው» የሚለው አባባል ለጆሮ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ባለቤታቸው ግን ከጋሼ የወረሱት ማሲንቆና እነዚህን መዝሙሮች ነው። ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ፈቀዱ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ካመኑ በፊት በሠርግ ይጫወቱ እንደነበር በአልበሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ አሉ። ደነገጥን። «እኔን ያገኙኝ እኮ በዚያ ሠርግ ላይ ነው» አሉን። ጻፍነው።

አክስቴ ታዲያ በቅርቡ ፍላሽ ሰጠችኝ፤ ለቤቷ ሬዲዮ የሚሆን ዘፈን ጫንልኝ ማለቷ ነው። ከሙሉቀን የድሮ ዘፈኖች ቀጥዬ መዝሙሮቹን፣ ከእነሱም ቀጥዬ የጋሼን ሁለት ጫንኩላት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ነገርኳት። ከሳምንት በኋላ ስሄድ ስለ ሃይማኖቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ሙሉቀን መዝሙር «ድምፁስ እሱው ነው» አለች፤ ስለ ጋሼ ደግሞ «እኒህ ሰውዬ የማን አገር ናቸው? አመታታቸው የእኛ ሰፈር ነው» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ባለቤታቸውን በገበያ ታውቃቸው ኖሯል።

አልበሙ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። በሦስተኛው መዝሙር መካከል፣ በካሴቱ ቅጂ ላይ፣ ጋሼ ማሲንቆውን ሳያቆሙ ረዘም አድርገው ይስላሉ፤ ከዚያ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ቀራጩ ልጅ ይቆረጥ ይላል፤ በኮምፒውተር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።